ባለ ሁለት ጓጉንቸሩ ሳጥን

በሰባ ስድስት ዓ.ም. ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር የነበረው የኛ የስደተኞች ማኅበር ለግልጽነት ያልከፈለው መሥዋዕትነት የለም። እንዲያውም ለሁለት ተከፍለን ለአንድ ግልጽነት ታግለናል።

የትግሉ መነሻ ባለ ምግብ ቤቷ እትዬ አስናቀች ናቸው። ማኅበሩ ካልመሰከረላቸው የስደተኛ ወረቀት አያገኙም፤ ወረቀት ስለሌላቸውም ፖሊስ "ኪፓንዴ!" እያለ መታወቂያ ሊጠይቅ ለአፈሳ በመጣ ቁጥር ጓሮ ከዶሮዎቹ ጋር ይደበቃሉ። ኮሚቴው ምስክርነቱን ከለከላቸው። ምክንያቱ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሮ ሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት። ማኅበሩ ቢሮ ስለሌለው፣ ሳጥኑ የተቀመጠው እዚያው እሳቸው ጓዳ ነው።

ሊቀ መንበሩ ጓድ ዓለምሰገድ ነበሩ። ተራ የኮሚቴ አባል የነበሩት ጓድ መኳንንት በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ጠረጴዛ ደበደቡ።

"ከሰፊው ሕዝብ የሚደበቅ ሰነድ የአድሃሪያን ሰነድ ነው! ሳጥኑ ይከፈት!"

አጨበጨብን፤ በጓድ ዓለምሰገድ ቦታ ሊቀ መንበር አድርገን መረጥናቸውም። በማግስቱ እትዬ አስናቀች ሄዱ።

"ጓድ መኳንንት፣ እንግዲህ ይክፈቱልኛ።"

"እትዬ፣ ድርጅታዊ ምስጢር እኮ ነው። ጠላት ጆሮ አለው።"

"ትናንት ሲጮኹ ጆሮውን ወትፎት ነበር?"

ከሥልጣን የወረዱት ጓድ ዓለምሰገድም ወዲያው የሕዝብ የማወቅ መብት ተገለጠላቸው። "ሳጥኑ ይከፈት!" ብለው ከቁርስ እስከ ምሳ የረሃብ አድማ መቱ። እኔ በተማርኩበት ሩቅ አገር ሰው አቋሙን የሚለውጠው በክርክር ሲረታ ነው ይሉ ነበር፤ እኛ ዘንድ ግን ወንበር መለወጥ ይበቃል። በመጨረሻም አንዱ ያለ ሌላው እንዳይከፍተው፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ጓጉንቸር ሳጥኑ ላይ አንጠለጠሉ። ይህም ድርብ ግልጽነት ተባለ።

አንድ ቀን ከአፈሳ የተረፉት እትዬ አስናቀች፣ የዶሮ ላባ እንደለበሱ ከጓሮ ገቡ። ሳጥኑን አዙረው የኋላ ማጠፊያውን በሽንኩርት ቢላዋ ፈቱና ለምሳ በተሰበሰብነው ፊት አነበቡ፦

"አስናቀች ወረቀት ካገኘች ካናዳ ትሄዳለች። ከሄደች በመላው ናይሮቢ እንደሷ ሽሮ የሚሠራልን የለም። ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም ሲባል ይከልከል። አቅራቢ ጓድ ዓለምሰገድ፤ ደጋፊ ጓድ መኳንንት።"

ሁለቱ ጓዶች ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ወንድም ተያዩ። እዚያው በተጠራ አስቸኳይ ጉባኤ፣ ማጠፊያው በጥብቅ ተወገዘ፤ ሳጥኑ በስተኋላውም ጓጉንቸር እንዲበጅለት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አንድነት ያስርባል። ጓድ መኳንንት ወደ ጓዳው ዞር አሉ።

"እትዬ፣ ሽሮው ደረሰ?"

"ድርጅታዊ ምስጢር ነው" አሉ እትዬ አስናቀች፣ የጓዳውን በር እየቆለፉ።