በዕጣ የደረሰን ልቦለድ

መጽሐፍ ላይ አስተያየት የሚሰጥ ሰው ሁሉ መጽሐፉን አላነበበውም። ያነበበውማ ገና እያሰበ ነው… አፉን የሚከፍትበት ጊዜ ከየት ያመጣል! ይህን የምላችሁ ሰው ለመንቀፍ አይደለም። እኔው ራሴ፣ በመቀስና በመርፌ ያረጀሁት እንድሪስ፣ አንድ ልቦለድ ሩቡን አንብቤ ሙሉውን የቀበርኩ ሰው ስለሆንኩ ነው። እስቲ አረፍ በሉና ልንገራችሁ። እኔ እንደሆነ አልቸኩልም።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ፣ የምስክር ወረቀቴን ከስፌት መኪናዬ በላይ በሚስማር ከመታሁ ወዲህ የማላነበው ነገር አልነበረም። የመድኃኒት ጠርሙስ፣ የአውቶቡስ ግንባር፣ የስኳር ከረጢት… ሁሉንም አነባለሁ፤ ሁሉንም እተቻለሁ። ያኔ ኮሚቴ ያልተቋቋመለት ነገር የለም አይደል? ቀበሌያችንም የንባብ ኮሚቴ አቋቋመና እኔን ሰብሳቢ አደረገኝ። አባላቱ ሦስት ናቸው፦ ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ ተሰማ፣ ጎረቤቴ ቄስ ሞላ፣ እና እህል ነጋዴዋ ዘምዘም።

አንድ ቀን ከኮምቦልቻ በአውቶቡስ አንድ ጥቅል መጣልን። መምህር አሰፋ የሚባል የዚያው ከተማ አስተማሪ የደረሰው ልቦለድ ነው። በታይፕ የተመታ፣ ጀርባው በክር የተሰፋ፣ ከዚያች አንዲት ቅጂ በቀር ሌላ የሌለው። ርእሱ «የጉም አገር» ይላል። ከሥሩስ? «ከሰባቱ ቅጾች አንደኛው»!

ሰባት! አያችሁልኝ? አንዱን ወደድንለት ሳንል በስድስት ያስፈራራናል!

ደብዳቤም ነበረው። «ሁለተኛውን ቅጽ ልጀምር ወይስ ልተወው? ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ። ተወው ካላችሁኝ ብዕሬን እሰቅላለሁ። የዛሬ ሳምንት ወጥቼ እሰማችኋለሁ» ይላል።

እኔ ገና ርእሱ ላይ ነው ደሜ የፈላው። የኮምቦልቻ ሰው ስለ ጉም ምን ያውቃል? እዚያ ሙቀት ውስጥ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ስለ ጉም ይጽፋል! ጉም የፈለገ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ እኛ ዘንድ ይምጣ። ክረምት በገባ ቁጥር ማዶ ያለችው ሱቅ እየጠፋችብኝ ደንበኛዬን በሳሉ የምለይ ሰው እኔ አለሁለት።

የሆነ ሆኖ መጽሐፉ አንድ፣ አንባቢው አራት፣ ቀኑ ሰባት። ምን ይሻላል ስንባባል ሃምሳ አለቃ ተሰማ ጠረጴዛውን መታ።

«ቅርጫ እንግባበት!»

የወሎ ሰው ይህ ነገር ይገባዋል። እኛ እስላምና ክርስቲያኑ ለሠርግ አንድ ነን፣ ለለቅሶ አንድ ነን፤ በሬ ሲታረድ ግን ሁሉም ወደ የራሱ ቢላዋ ነው። ከቄስ ሞላ ጋር ሃያ ዓመት ስንጎራበት በአንድ ቅርጫ ገብተን አናውቅም። መጽሐፍ ደግሞ ማን ባረከው አይባልም! ሁላችንም ደስ አለን። ቄስ ሞላማ «እንድሪስ፣ ዛሬ ከእርስዎ ጋር አንድ በሬ ልንካፈል ነው!» ብለው እጄን ጨበጡኝ።

መቀሴን አነሣሁና የመጽሐፉን ጀርባ ፈታሁት። አራት መደብ ተደለደለ። ማንም እንዳይበደል ዘምዘም እያንዳንዱን መደብ በእህል ሚዛኗ መዘነች፤ አንዱ ቢቀልባት ከጎረቤቱ ሁለት ወረቀት አንሥታ ጨመረችለት። ከዚያ ዕጣ። እኔ የኮት ቁልፍ፣ ተሰማ ፊሽካ፣ ቄስ ሞላ መቁጠሪያ፣ ዘምዘም የሚዛን ድንጋይ አዋጣን፤ የማያውቀን መንገደኛ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ጣለልን። ለቄስ ሞላ መጀመሪያው፣ ለተሰማ ሁለተኛው፣ ለዘምዘም ሦስተኛው፣ ለእኔ መጨረሻው ደረሰ። መርቀን ተለያየን። ወላሂ፣ ሥጋ ከየትም ቢቆረጥ ሥጋ ነው፤ ልቦለድ ግን እንደዚያ አይደለም ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አንድ ሰው አልነበረም!

የእኔ መደብ «…ብላ በክንፏ ሸፈነችው» በሚል ይጀምራል። ማን ናት? ማንን? በሬው ይወቀው። ሁለት ቀን ሙሉ ይህቺ ባለ ክንፍ ወፍ ናት ብዬ ስከተላት ሦስተኛው ቀን ላይ ስታናፋ ተገኘች። በቅሎ ናት! ክንፍ ያላት በቅሎ! ስሞቹስ… ዝርጉማንዛር፣ ጉምዘላዛር… አንዱን ጠርቼ ስጨርስ ሁለት ሱሪ እቀመቅማለሁ። ጠልነሽ የምትባል ልጅ ከጉም የተሠራ ካባ ለብሳ፣ ክፉው ንጉሥ የደበቃትን ፀሐይ ልታወጣ በገመድ ጉድጓድ ትገባለች። እኔን ያናደደኝ ጉድጓዱ አይደለም፤ ካባው ነው። ስፌቱ የት አለ? ጠርዙ በምን ተቀመቀመ? ልክስ ማን ወሰደላት? አንድ ቃል የለም! በመጨረሻው ገጽ ገመዱ ተበጠሰ። አለቀ። «በቅጽ ሁለት ይቀጥላል።» እኔ ደንበኛን አንድ እጅጌ ሰፍቼ «ሌላው በሚቀጥለው ዓመት ይቀጥላል» ብለው ምን ይለኝ ነበር?

ቀኑ ደረሰና መምህር አሰፋ መጣ። ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ሰው ነው። የጉም ደራሲው በአጭር እጅጌ ሸሚዝ ደሴ ገብቶ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ቄስ ሞላ አዝነው ጋቢያቸውን ደረቡለት። ቀበሌው አዳራሽ ተቀመጥንና ሒሱ ተጀመረ።

«እኔ ወድጄዋለሁ» አሉ ቄስ ሞላ። «ማን ማንን እንደወለደ ጥንቅቅ ብሎ ተጽፏል። ታሪክ ነው። ልቦለድ ያለው ማን ነው?»

«የምን መውለድ?» አለ ተሰማ። «ጦርነት ነው እንጂ! ያውም የማይረባ ጦርነት። ሦስት ቀን ሲዋጉ ስንቁን የፈታ፣ ውሃ የጠጣ አንድ ወታደር የለም። ይባስ ብሎ በቅሎዋን ገደላት።»

«የቷን በቅሎ?» አልኩ።

«ክንፋሟን።»

«አልሞተችም!»

«ሞታለች። ቀብሯን አንብቤያለሁ።»

«ተሰማ፣ ትናንት ስትበር አይቻታለሁ!»

«ኧረ እኔ ጋ ተነሥታለች…» አለች ዘምዘም በቀስታ። ዓይኗ ቀልቷል።

«ተራሽን ጠብቂ!» አላት ተሰማ።

ደራሲው ግራ ገብቶት አንዴ እኔን አንዴ እሱን ያያል። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ፣ በሱሪ ጥብጣብ አሳምሬ ያሰርኳቸውን አራት መደቦች አየ። ፊቱ የእኔን ጠመኔ መሰለ።

እኔ ግን ሰብሳቢ ነኝ፤ ሰብሳቢ ደግሞ ፊት አያይም። ተነሥቼ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ጉሙ ጉም እንዳልሆነ፣ ካባው ካባ እንዳልሆነ፣ በቅሎዋ መሞቷ ወይ አለመሞቷ እንዲወሰንላት፣ አንድ በአንድ ተናገርኩና ጨረስኩ፦

«መምህር፣ ልፋትህን አላህ ይቁጠርልህ። ለሁለተኛው ግን አትድከም፤ ተወው።»

«እሺ ጋሽ እንድሪስ» አለ። መደቦቹን ሰበሰበ፣ ጋቢውን አጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ፣ ወደ አውቶቡሱ ሄደ። ደህና ተናገርኩ ብዬ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር… አትታዘቡኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ዘምዘም ሱቄ መጣች።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ተኝተው አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«እኔ አልተኛሁም። የእኔ መደብ ልጅቷ ገመዱን ወገቧ ላይ ስታስር አለቀ። ከዚያስ ምን ሆነች?»

«ጉድጓዱ ገባች። ገመዱ ተበጠሰ።»

«ወይኔ! ከዚያስ ማን አወጣት?»

«ማንም።»

«እንዴት ማንም?»

«የሚያወጣት አንድ ሰው ነበር…» አልኩና መርፌዬን አስቀመጥኩ። «ትናንት ተወው ብዬ የሸኘሁት።»

ዘምዘም ደረቷን መታች። እሷ ሳትወጣ ተሰማ ገባ፤ በቅሎዋ እንዴት እንደተነሣች እንድትነግረው ፈልጎ ነው። ቀጥሎ ቄስ ሞላ፦ «ለመሆኑ ይህቺ ልጅ ከየትኛው ንጉሥ ትወለዳለች?» እኔ ደሴን የሚያህል ከተማ ውስጥ ሰው በጉድጓድ የጣልኩ ወንጀለኛ ሆኜ ቁጭ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ዘምዘም ፈረደች።

«በድላችሁታል። ሽማግሌ ሆናችሁ ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቁ!»

ለሌለች ልጅ ሽምግልና! ሄድን። ሦስታችን ወንዶች ጋቢያችንን ተከናንበን ሐረጎን ወረድን። ኮምቦልቻ ስንደርስ ጋቢው በላብ ታጥቦ ነበር፤ ሽማግሌ ግን ጋቢ አያወልቅም። መምህር አሰፋ በሩን ከፍቶ ሲያየን ደነገጠ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«እሺ ካላልከን አንቀመጥም» አሉ ቄስ ሞላ። «መጽሐፍህን ለአራት ቆራርጠን፣ ሩብ ሩቡን አንብበን፣ በሙሉው ፈርደናል። ጥፋተኞች ነን። ካሣውን አንተው ንገረን።»

ከዚያ ገብቶ አራቱን መደቦች ከነጥብጣቤ አወጣቸው።

«ካሣው ይህ ነው» አለ። «ከገጽ አንድ ጀምራችሁ፣ በተራው፣ እስከ መጨረሻው።»

ተቀመጥን። ቄስ ሞላ እያነበቡ፣ ሲደክማቸው ተሰማ እየተካቸው፣ በዛፍ ጥላ ሥር ሁለት ቀን ፈጀብን። ተሰማ ቀድሞ ያነበበውን የበቅሎዋን ሞት እንደገና ሲያነበው ድምፁ ተቆረጠ፤ ላብ ነው አለን፤ ላብ ከዓይን ይወጣ እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። ገመዱ ሲበጠስ ሦስታችንም ደራሲውን አየነው።

«ቀጥል እንጂ!» አለ ተሰማ።

«አልተጻፈማ። ጋሽ እንድሪስ ተወው ብለውኛል። አሁንስ ምን ይላሉ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «እኔማ ባልኩት እንደጸናሁ ነኝ» አልኩ። «ስሞቹ ጉሮሮ ያንቃሉ። ካባው አሁንም ስፌት የለውም። ግን ልጄ፣ እባክህ መጀመሪያ ልጅቷን አውጣትና ከዚያ እንጣላለን።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት።

በዓመቱ ቅጽ ሁለት መጣ። መቀስ እንዳይነካው ብዬ ጀርባውን በድርብ ክር ሰፋሁትና እየተቀባበልን፣ ሙሉውን፣ አንድ በአንድ አነበብነው። ጠልነሽ ጉድጓዱ ሥር ስትወድቅ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ተቀምጦ አገኘች። ሰውየው ደህና ነሽ ወይ ሳይላት ካባዋን ገልብጦ ጠርዙን ተቸ። ፀሐይዋን ተቸ። ጉድጓዱን ተቸ። እየተነጫነጨ የተበጠሰውን ገመድ በመርፌ ሰፍቶ አወጣት፤ ስትወጣም ከታች ሆኖ አወጣጧን ተቸ።

ሒስ ተቀመጥን። ቄስ ሞላ ረኩ። ተሰማም ወታደሮቹ አሁን ስንቅ ስለያዙ ይቅር አለ።

«እኔም ሁሉን ወድጄዋለሁ» አለች ዘምዘም፣ «ያ ልብስ ሰፊ ብቻ በዛብኝ። ባለ ክንፍ በቅሎስ ትሁን… እንዲህ ያለ ነጭናጫ ሰው ግን የት አገር አለ?»

«የለም! ፈጠራ ነው» አሉ ሁለቱም።

እኔ ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ። ከዚያ ሁሉ ጉምና ክንፍ መሐል እውነት የመሰለኝ እሱ ሰውዬ ብቻ ነበር።