«ክፉ አይደለችም» ብዬ ልጅ ላስቀር ነበር

ዛሬ ከደብረ ታቦር ገሳይ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ያደረግኩትን ብነግራችሁ፣ የማያምኑኝ የሚያውቁኝ ሰዎች ናቸው። የማታውቁኝ ምን ቸገራችሁ፣ ታምናላችሁ።

ተነሥቼ ተናገርኩ። ያውም ብዙ። ያውም ሰው ፊት!

ይህን ፌስቡክ የከፈተችልኝ የእህቴ ልጅ ናት። እስከ ዛሬ የለጠፍኩት ሦስት ነገር ነው፤ ሁለት የበዓል መልካም ምኞትና በስህተት ያነሣሁት የጣሪያዬ ፎቶ። ብዙ ላይክ ያገኘው ጣሪያው ነው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ጎረቤቴ ወይዘሮ ይታይሽ ሰብለ የምትባል ልጅ አላቸው። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ከአንድ የገሳይ አስተማሪ ጋር ሁለት ዓመት ተዋደው ቆይተዋል። ልጁ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር።

ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ደግሞ የወንዱ ዘመዶች መጥተው የሴቷን ጎረቤት ያጠያይቃሉ። በቀጥታ አይጠይቁም፣ ነውር ነው። የሚሸጥ በግ አለ ወይ፣ የሚከራይ ቤት አለ ወይ ብለው ነው የሚጀምሩት።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሁለት ሰዎች በሬን አንኳኩ። አንደኛው ወፍራም ጋቢ የደረቡ ናቸው። የሚከራይ ክፍል ጠየቁኝ፤ ዓይናቸው ግን የይታይሽን ግቢ እያየ ነበር። የልጁ አጎት መሆናቸው ወዲያው ገባኝ። አስገብቼ ጠላ ቀዳሁላቸው።

እያዋዙ ወደ ጎረቤት መጡ። ያቺ የፋርማሲዋ ልጅ ጠባይዋ እንዴት ነው አሉኝ።

«ክፉ አይደለችም» አልኳቸው።

ጠበቁ። እኔም ጠበቅኩ።

ሥራ ላይስ አሉ። ሥራዋን ትሠራለች አልኩ።

ጠላቸውን ጨርሰው፣ አመስግነው ሄዱ። እኔም በሬን ዘግቼ፣ ልጅቷን አሞገስኩላት ብዬ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። እውነቴን ነው! እንዲያውም አበዛሁት እንዴ ብዬ ትንሽ አፍሬ ነበር።

ምን ላድርግ፣ እንዲህ ነው ያደግኩት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴን ለአባቴ ባሳየው፣ አገላብጦ አይቶ «ደህና ነው። እንጨቱን አስገቢ» አለኝ። እንጨቱን እያንጎራጎርኩ አስገባሁ። አባቴን አውቀዋለኋ! «ደህና ነው» ማለት ከሱ አፍ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

የገሳዩ ሰውዬ ግን እኔን ከየት ያውቁኛል? ይህን ያሰብኩት ዛሬ ነው።

ሽማግሌ የተጠበቀበት እሁድ መጣ። ሽማግሌ አልመጣም። ቀጣዩም እሁድ አለፈ።

ከዚያ ይታይሽ ሰላምታ ነሱኝ። አንድ ጠዋት አጥሩ ጥግ ቆመው ጠበቁኝ። ለካ ገሳይ ያለች ዘመዳቸው እኔ ያልኩትን ሰምታ ነግራቸዋለች።

«ልጄ ምን በደለችዎ?» አሉኝ።

«ምንም» አልኳቸው።

ይኸውላችሁ። እንደገና! ሁለት ቃል ብጨምር ምን ነበረበት?

ሰብለ ግን ትናንት የደም ግፊት መድኃኒቴን እንደ ወትሮዋ ይዛልኝ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ስለ ነገሩ አላነሣችም። እኔም አላነሣሁም።

ዛሬ ጠዋት ገሳይ የታመመች የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ሚኒባስ ገባሁ። ብርድ ስለነበር ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ኋላ ተቀመጥኩ። ከፊት ለፊቴ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው?

ጋቢው!

አጠገባቸው ያ ጓደኛቸው አለ። ወሬያቸው እኔው ነኝ። ጎረቤት ስለ ጎረቤቱ ልጅ ሲጠየቅ እኮ ማር ነው የሚያዘንበው ይላሉ አጎትየው። «ያቺ ሴትዮ ግን ከጥርሷ መሐል ፈልቅቃ ነው ያወጣችው። የምታውቅባት ነገር ቢኖር ነው።»

«ፊቷንስ አላየኸውም?» አሉ ጓደኛቸው።

ፊቴን! ፊቴ ምን አደረጋቸው? ሰባ ዓመት አብሮኝ የኖረ ፊት ነው።

ከዚያ ቀጠሉ። ዛሬ ገሳይ እንደደረሱ ልጁን አስቀምጠው፣ ያቺን ተዋት፣ ሌላ ታይታልሃለች ሊሉት ነው።

ልናገር እላለሁ፣ አፌ እምቢ ይለኛል። ሚኒባሱ ዳገቱን ጨርሷል። ገሳይ ደግሞ ሩቅ አይደለም።

ብድግ ስል ጭንቅላቴ ከጣሪያው ጋር ተጋጨ። (ጣሪያ አይለቀኝም።)

«ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ሁለቱም ዞሩ። ሹፌሩ ዘፈኑን ቀነሰ። ምነው ባይቀንሰው!

ባለፈው ክረምት ጭቃ አዳልጦኝ እጄ ተሰብሮ ነበር። ብቻዬን ነው የምኖረው። ሰብለ ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ በየማለዳው ሥራ ከመግባቷ በፊት እየመጣች ፀጉሬን አበጥራ ትሠራልኝ ነበር። አልጠራኋትም፣ አልለመንኳትም። ሰው ፊት ፀጉሬ ተንጨባሮ መታየት እንደማልወድ አውቃ ነው። ለማንም አላወራችም። እናቷም አያውቁም።

ይህን ሁሉ ለሚኒባሱ ተናገርኩ። ጭራሽ እንባዬ መጣ። አንዲት ገበያተኛ ሶፍት አቀበለችኝ። ሶፍት!

አጎትየው ግራ ገባቸው። «ታዲያ እናቴ፣ ያን ዕለት ምነው እንዲህ ባሉን?»

«ብያችሁ ነበር እኮ» አልኩ።

ይህን ጊዜ ከሹፌሩ አጠገብ የተቀመጡት ሰው ዞር አሉ። የደብራችን መሪጌታ ፈንታ ናቸው። መኖራቸውንም አላየሁም ነበር።

«ስማኝ ወንድሜ» አሉ ለጋቢው፣ «ወይዘሮ ጥሩወርቅን አርባ ዓመት አውቃቸዋለሁ። ስለ ሰው ‹ክፉ አይደለም› ሲሉ የሰማኋቸው አንድ ጊዜ ነው። ስለ ባለቤታቸው። እሱንም በሰባት ዓመት ተዝካራቸው ላይ።»

ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ። ሹፌሩ መኪናውን ዳር አስያዘ። አጎትየው መጀመሪያ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሊሸፍኑ ሞከሩ፣ አልሆነም። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። «ለልጁ ንገሩት፣ ሳምንት እሁድ ደብረ ታቦር እንሄዳለን» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።

እፎይ!

ጣሪያው የመታኝ ቦታ እንኳ አላመመኝም።

ከሰዓት ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ይታይሽ በራቸው ላይ ቆመዋል። እጄ በተሰበረ ጊዜ ፀጉሬን የምትሠራው እሷ ነበረች ወይ አሉኝ። አዎ አልኩ። ወደ መሬት አዩ። «ነገ ይምጡና ጌሾ አብረን እንውቀጥ» አሉኝ።

እሺ አልኩ። ከዚህ በላይ ዛሬ የቀረኝ ቃል የለም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ዝም ማለት የለመደ ሰው፣ ለማያውቁት ሰዎች ሲመሰክር ስንት ቃል ይጨምር? አንድ ቁጥር ኮሜንት ላይ ጻፉልኝና በር ላይ ልለጥፈው።

ሰብለ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። ጣሪያዬን መጀመሪያ ላይክ ያደረግሽው አንቺ ነሽ።

አሁን አንባቢው ሁሉ ስላወቀኝ፣ እንደ ልማዴ ማሳጠር እችላለሁ።

ክፉ አይደለሽም።