«አላውቅም» ያለበት ቀን

ሁሉን አዋቂ ጎረቤት የሌለው ሰፈር በምድር ላይ የለም። በዳኑብ ወንዝ ዳር ላለችው ከተማችን የደረሳት ሊቀ ሊቃውንት ቼዶሚር ነበር፤ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር።

«እኔ ልንገርህ!» ካለ ሾርባህ ቀዘቀዘ ማለት ነው። ስላቭ የሚለው የወል የዘር ስማችን «ቃል» ከሚለው እንደመጣ፣ አያቶቻችን ንግግራቸው ያልገባቸውን ጀርመኖች «ዲዳ» ብለው እንደሰየሟቸው የሰፈሩ ድመት ሳይቀር ያውቃል። የአማቴ ሣጥን ወደ ጉድጓድ ሲወርድ እንኳ ቄሱን አቋርጦ፣ «መቃብር የሚለው ቃል ከፖላንድ እስከ ቡልጋሪያ አንድ ነው!» ብሏል። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

ዳቦ ቤት ሲገባ ደግሞ ጉድ ነው። የእሱ ወገኖች ሰርቦቹ ዳቦን «ሕሌብ» ይላሉ፤ እኛ ክሮአቶች «ክሩህ» እንላለን። እሱ ግን ወረፋውን አስቁሞ፣ «እኔ ልንገራችሁ! ሕሌብ ከጀርመን ወገን የተዋስነው ነው። የጥንቱ የስላቭ ቃል ክሩህ ነው!» ይላል። ወገኖቹ ጥርሳቸውን ያፋጩበታል።

«ጋሼ፣ ስሙን ይተዉትና ዳቦውን ይዘው ይሂዱ» ትለዋለች ጋጋሪዋ ሚሊቫ።

ጦርነቱ መጣ። የእሱ ወገን ታጣቂዎች ድልድዩን ዘግተው፣ ለሚያልፈው ሁሉ ቁራሽ ዳቦ እያሳዩ «ይሄ ምንድን ነው?» ይሉ ጀመር። «ክሩህ» ያለ ወደ ወንዙ ዳር ይወሰዳል፤ ከዚያ የተመለሰ የለም። ቼዶሚር ከፊቴ ተሰልፏል። እኔ ከኋላው «ሕሌብ፣ ሕሌብ» እያልኩ እለማመዳለሁ፤ ምላሴ ግን አልታዘዝ አለኝ። ዞር ብሎ ከንፈሬን አየ።

ታጣቂው የድሮ ተማሪው ነበር። «መምህር፣ ለወጉ ያህል ነው። ይሄ ምን ይባላል?»

«አላውቅም።»

«ይቀልዳሉ እንዴ? እርስዎ የማያውቁት ነገር አለ?»

«ይሄን አላውቅም» አለና መንገዱ መሃል ቁጭ አለ። «እስክትነግረኝም አልነሳም።»

በሰደፍ መቱት። ሌሎቹም ኬላውን ትተው ተረባረቡበት። ሕዝቡ ገፍቶ ሲሮጥ እኔም አብሬ ተሻገርኩ። እሱ አልተሻገረም።

ዛሬ የዳቦ ቤቱ ወረፋ ቶሎ ያልቃል። ያ ነዝናዛ ሰውዬ ናፍቆኛል። ሚሊቫን ሆን ብዬ «ሕሌብ ስጪኝ» እላታለሁ። ከሰጠችኝም በኋላ ቆም እላለሁ፤ የሚያርመኝ የለም።