ጫማ ቆጣሪው ግብር ሰብሳቢ

ሰው በተፋፈገ ቁጥር የእያንዳንዱ ግብር ይቀላል የሚል ምሁር ካጋጠማችሁ፣ አንድ ከሰዓት እኛ ሰፈር፣ አል-ሳሃፋ አስቀምጡልኝ! “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” አይደል የሚባለው? ካርቱም ውስጥ ግን ሎሚ ተሸካሚዎቹን የሚቆጥር አለላችሁ... የቆሻሻ ግብር ሰብሳቢ!

ያን ቀን የማርያም ማኅበር ተራው የእማዬ ነበር። ከሀብታሞቹ ሰፈሮች፣ ከካፉሪና ከአል-ማንሺያ፣ ከየአሠሪዎቻቸው ፈቃድ ለምነው የመጡ ማኅበርተኞች ቤቱን ጢም አድርገውታል። ጫማ ደግሞ ደጃፍ ላይ ይወለቃል፤ ክምሩ ግቢውን ሊውጠው ደርሷል። ሰብሳቢው ገባና ክምሩን ሲያይ ዓይኑ በራ።

“ይሄ ቤት አይደለም፣ ሎካንዳ ነው!”

ሆቴል ነው ማለቱ እኮ ነው! በሎካንዳ ከተመዘገብን የአባዬ ደሞዝ ከቆሻሻው ጋር በመኪና ተጭኖ መሄዱ ነው።

“ወላሂ አራት ብቻ ነን!” አልኩት በአረብኛ።

“አራት ሰው ይሄን ሁሉ ጫማ? መቶ እግር ናችሁ?”

የካፉሪው ዘበኛ ጋሼ ተክሌ ብቅ አሉ። “ስማ ኡስታዝ፣ እኔ የምጠብቀው ቪላ ሜዳ ያክላል፤ የሚኖሩበት ባልና ሚስት ብቻ ናቸው። ለምን እዚያ ሄደህ አትቆጥርም?”

“እዚያማ ውሻ አለ” አለ፣ በፍጹም ቅንነት።

ይኼኔ እማዬ ድፎ ዳቦና ሽሮ ይዛ “ተፈደል!” አለችው። ጫማውን አወለቀ፣ ገባ፣ በላ፣ ደገመ... ፊቱም ፈታ እያለ፣ እስክሪብቶውም ወደ ኪሱ እየገባ መጣ። “በቃ፣ መኖሪያ ቤት ነው” አለ። እልል ልል ስል እሱ ተነፈሰ። “ታድላችሁ! እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው፤ የቤቱ ግብር ሁሉ በአንድ አንገቴ ላይ ነው። እዚህ የሚከራይ ክፍል ባገኝ...”

እማዬ ደግሞ እንግዳ አሳፍራ መመለስ አልፈጠረባትም! እግሯን ብረግጣት፣ በክርኔ ብጎስማት...

“ለአንተማ ክፍል አይጠፋም! ልጆቹን ጠጋ ጠጋ እናደርጋቸዋለን!”

እናንተዬ... እስክሪብቶው ከኪስ ሲመዘዝ ጎራዴ ይመስል ነበር! “ክፍል የሚያከራይማ ሎካንዳ ነው” ብሎ ጻፈ፣ አመሰገነ፣ ሄደ።

 እማዬ ሳህኑን እንደያዘች ቀረች። ጋሼ ተክሌ ብቻ፣ ሊሄዱ ያሰሩትን ጫማ መልሰው እየፈቱ ወደ እማዬ ዞሩ፤

“እንግዲህ ሎካንዳ ከሆነማ አድራለሁ... አልማዝ፣ ቁርስ ስንት ሰዓት ነው?”