ጋሽ ገረሱና ሣር የሚበሳው ማሽን

በየሰፈሩ የማያውቀው ነገር የሌለ አንድ ሰው አይጠፋም። ውሃ ቢቋረጥ ምክንያቱን፣ ሰው ቢታመም መድኃኒቱን፣ ሞተር ቢያጓራ በሽታውን ያውቃል። አየር ጤና አካባቢ ይህ ሥልጣን የጋሽ ገረሱ ነው፤ ጡረተኛው የከባድ መኪና ሹፌር። «ይቺማ ምን አላት!» ካሉ መሸሽ ነው፤ አንድ ነገር ሊፈታ ነውና።

አትክልተኛዋ ቦንቱ ግን መሸሻ አልነበራትም። የሠርግ መናፈሻ ያላቸው አሠሪዋ፣ እትዬ ወለተጻድቅ፣ ሣሩ ቢጫ ቢሆንባቸው ላዩ ላይ ቆመው የሚነዱት ማሽን ገዙ። መሬቱን እየበሳ አየርና ውሃ ያስገባል። «እስከ ዓርብ ካልነዳሽው የሚነዳ ሰው እፈልጋለሁ» ብለዋታል። ሞተሩ ይነሳል፤ መቆሚያው ግን ከሥሩ ባለው ሞላ እያነጠረ ይጥላታል። ከሞላው አጠገብ ቁጥር የተጻፈበት ብሎን አለ። ቁጥሩ ምን እንደሆነ ግራ ገባት።

«ይቺማ ምን አላት!» አሉ ጋሽ ገረሱ በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው። «የሚቆምበት ሰው ኪሎ ነዋ! ስንት ነሽ?»

በዚህ እንኳ ልክ ነበሩ።

«ሃምሳ ሁለት።»

«ሴት ኪሎዋን ስትናገር አሥር ይጨመርበታል» ብለው ስድሳ ሁለት ላይ አጠበቁት። ቦንቱ ወጣች፤ አነጠራት። «አላጠበቅነውማ!» ሰባ አደረጉት። ከፊተኛው ባሰ።

«ጋሼ፣ ብናላላውስ?»

«አንቺ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ሞላ ላይ ተቀምጬ የኖርኩት እኔ ነኝ!»

በመጨረሻ ሊያሳይዋት ራሳቸው ወጡ። «እኔ ዘጠና ሁለት ነኝ» ብለው ብሎኑን ዘጠና ሁለት አደረሱት። ማሽኑ አሥር እርምጃ ሳይሄድ ባርኔጣቸው አንድ ጋ፣ እሳቸው አንድ ጋ ሆኑ።

«የተበላሸ ነው የሸጡላችሁ» ብለው ሣሩ ላይ እንደተቀመጡ ፈረዱ።

ቦንቱ ይብስ ግራ ገባት። በራሳቸው ኪሎ አስተካክለውት ለምን ይጥላቸዋል? መንገድ ዳር ሚዛን ይዛ ወደምትቀመጠው እሙ ይዛቸው ሄደች። እሷ ቀድማ ወጣች፤ ሃምሳ ሁለት። ጋሽ ገረሱ ኮታቸውን አውልቀው ወጡ።

ስድሳ አንድ።

ወርደው እንደገና ወጡ። ስድሳ አንድ። ቦንቱ ያኔ ነው ቀበቷቸውን ያየችው፤ በምስማር የተበሱ ሦስት አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉት።

«ሚዛኑ ተሳስቷል» አሉ። እንደ ወትሮው አልጮኹም፤ የሚጠይቁ ይመስሉ ነበር።

እሙ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ቦንቱ ቀደመቻት። «ተሳስቷል፣ ጋሼ።»

ሲመለሱ፣ እሳቸው ውሃ እስኪጠጡ ብሎኑን ስድሳ አንድ ላይ አላላችው። ጋሽ ገረሱ እየተጠራጠሩ ወጡ። ማሽኑ ለስለስ ብሎ ሄደ፤ ሣሩን ከዳር እስከ ዳር በሱት። «አላልኩሽም? አቋቋሙን ማወቅ ነው!» እያሉ በአጠገቧ አለፉ። እትዬ ወለተጻድቅ ከበረንዳ ሆነው አጨበጨቡ።

ለዓርብ ብሎኑን በራሷ ሃምሳ ሁለት ላይ ማድረግ እንደሚበቃት ቦንቱ ገብቷታል፤ ግን አላጨበጨበችም። ማሽኑን ሲያጠፉ ጠብቃ ተጠጋቻቸው።

«ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ልሄድ ነበር፤ ዘነበወርቅ። ብቻዬን ፈራሁ። እርስዎም አብረውኝ ቢታዩ…»

«ለአንቺ ብዬ እታያለሁ» አሉ ባርኔጣቸውን እያራገፉ። «መንገዱንስ ያለ እኔ የት ታውቂውና!»

ቦንቱ ተወልዳ ያደገችው ዘነበወርቅ ነው።

«አላውቀውም፣ ጋሼ» አለች።