ክቡር ዝም-በሉ እና ዘፋኝ የሌለው አልበም

ለሕንጻው ነዋሪ በሙሉ፣ ለላይኛው ፎቅም ለታችኛውም፣ ለባለሱቁና ለዘበኛው ጭምር ይታወቅ፦ ክቡር ዝም-በሉ፣ የፍሪጆች ሐኪም፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ከጓዳችን ጀርባ ያለችው ክፍል የዕድሜ ልክ እንግዳ፣ የመጀመሪያ አልበማቸውን ለማውጣት በዝግጅት ላይ ናቸው። ዝግጅቱ እስኪጠናቀቅ ማሳል፣ ወንበር መጎተትና ጮክ ብሎ ማኘክ በፈቃድ ብቻ ነው።

ዝግጅቱ መቼ ይጠናቀቃል ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። በየቤተሰቡ አንድ «ዝግጅት ላይ ነኝ» ባይ አለ። አንዱ ቤት ሊሠራ ይዘጋጃል፣ አንዱ ሊያገባ፣ አንዱ ሲጋራ ሊተው። ዘር ሳይዘራ ማረሻ ሲስል የሚከርም ወገን ነው። እኔ ደግሞ በራሪ ወረቀት ስጽፍ ያደግሁ ነኝ፤ ጠላት ከሌለኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። በራሪ ወረቀቱ ሲቀር ጋዜጣው ይህን ዓምድ ሰጠኝ፤ ጠላት ሲቀር ደግሞ እግዜር ይህን አማች ሰጠኝ።

አልበም ሲል ዘፈን መስሎን ነበር። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ሳሎናችን ውስጥ መስኮቱ ሥር ናት። ለምረቃው የምትለብሰውን ቀሚስ እንኳ ለራሷ ሰፍታ ጨርሳለች። ዘፋኙ ማነው ብዬ ጠየቅሁት። ዘፋኝ የለውም አለኝ። ግጥሙስ? የለውም። ዜማውስ? እሱም የለም።

«ታዲያ ምን አለው?»

«ድምፅ አለው ጋሼ።»

«የምን ድምፅ?»

«የቤት። ሁልጊዜ የምንሰማው፣ ግን የማናዳምጠው። በጆሮ የሚታይ ሥዕል በሉት። የሙከራ ሥራ ነው።»

ሙከራ የሚደረገው በአይጥ ላይ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ተረኞቹ እኛ ነን።

ነገሩ ከሙያው የመጣ ነው። የተበላሸ ፍሪጅ ዘንድ ሲጠራ የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዐይኑን ይጨፍናል። ሌላው ጠጋኝ ሕመሙን እስኪያውቅ ይሰማና ሥራውን ይጀምራል። ክቡርነታቸው ግን አንዴ መስማት ከጀመሩ የሚያነሳቸው የለም። አንድ ጊዜ የአንድ ሥጋ ቤት ፍሪጅ ሊሞት ሲያጣጥር ደረሱ። መጠገን ሲገባቸው ድምፅ መቅጃቸውን አውጥተው እስትንፋሱ እስኪወጣ ጠበቁ፤ ሞተር ሲሞት የሚያሰማው ድምፅ በቀላሉ አይገኝም አሉ። ፍሪጁም ሞተ፣ ሥጋውም ሸተተ።

ባለ ሥጋ ቤቱ ሽርጡን እንዳሸረጠ ደረጃችን ላይ ቆሞ ሲሳደብ ጎረቤቱ በሙሉ ወጣ። እኔ በሩ ጀርባ ሆኜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እያልሁ ነበር። አማቼስ? ማይኩን ዘርግቶ ይቀዳል። ሰውየው ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ይህ ስድብ አልበሙ ላይ እንዲወጣ ይፈቅድለት እንደሆነ በትሕትና ጠየቀው። ሰውየው ገሃነም ግባ አለው። አማቼም እዚያው ዐይኑ እያየ አጠፋለት።

ይህቺ ሕጉ ናት። የድምፁ ባለቤት በአንደበቱ ካልፈቀደ ድምፅ አይወጣም፤ ፈቃዱም ራሱ ይቀዳል። አለቃዬ ቤቴ መጥቶ፣ ያ ወፍራም አዘጋጅ ሶፋችን ላይ ዘፍ ሲል ሶፋው እንደ አሮጌ በር ጮኸ። አማቼ ከጓዳ ብቅ ብሎ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ አንዴ ይነሱና እንደገና ይቀመጡልኝ» አለው። ፊቴ በርበሬ መሰለ። አለቃዬ ተነሣ፣ ተቀመጠ። ደግሞም ተነሣ። ሲወጣ አማቼ እስከ መንገድ ተከትሎ ፈቃዱን ቀዳ። ይህ ከሆነ ወዲህ አለቃዬ ጽሑፌን ሲቀበል አንድም ቀን ስለ ጽሑፉ አልጠየቀኝም፤ «ሶፋው በአልበሙ ስንተኛ ሆኖ ገባ?» ነው የሚለኝ።

ሳቁ ይብቃ፤ ወደ ቁም ነገሩ። በቅርቡ የአንድ ትንሽ ኤግዚቢሽን አዳራሽ ኃላፊ የሆነች ሴት የአማቼን ቅጂዎች ሰማችና አንዲት ክፍል ፈቀደችለት፤ ባዶ ግድግዳ፣ አግዳሚ ወንበርና ማዳመጫ። በሩ ሐሙስ ይከፈታል፤ አልበሙ እስከዚያ ካልደረሰ ግን ክፍሏን ለሌላ እሰጣለሁ አለችው። ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሰው ፍሪጅ ሲያቀዘቅዝ ለኖረ ሰው ይህ ተራ ነገር አይደለም፤ ከእንግዲህ ሁለተኛ የሚጠራውም የለም። ሁሉም አልቆለታል። የቀረው የመጨረሻው ሥራ ብቻ ነው።

«ምን ጎደለው?» አልሁት።

«የአንድ ሰው ፈቃድ ይቀረኛል።»

«ማን ነው እሱ?»

ካቻቪቴውን መጥረግ ያዘ። ባለቤቴን ብጠይቃት ከስፌቷ ቀና አላለችም። ልጄ፣ «አባዬ ተወው በቃ» አለችኝ። ይህን ጊዜ የጋዜጠኝነት አፍንጫዬ ተነፋ። አንድ ትዕቢተኛ የምስኪኑን ሰው እንጀራ ይዞበታል፤ ማን እንደሆነ ላውቅና በዚህ ዓምድ ላይ ቆዳውን ልገፈው ቆረጥሁ። አርዕስቱን ሁሉ አስቤ ነበር።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ክፍሉ ገብቼ አልጋው ላይ ተቀመጥሁ። ሳልሰማ አልነሣም አልሁት። ብዙ ለመነኝ። በመጨረሻ ማዳመጫውን በገዛ እጁ ጆሮዬ ላይ አደረገልኝና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

መጀመሪያ የስፌት መኪናው መጣ። ቀጥሎ ውኃ፣ ሳህን፣ የልጄ ያልተገራ ዘፈን። ከዚያ ልጄ ዘፈኑን አቋርጣ የአንድ ሰው አነጋገር ማስመሰል ጀመረች። ድምፅዋን አወፍራ አዋጅ ታውጃለች፣ ቃላት እየጎተተች ታሽሟጥጣለች። ጎበዝ ናት፤ ራሴን ወዲያው አወቅሁት። ባለቤቴ ሳቀች። ሳቅ ብቻ አይደለም፤ መኪናውን ትታ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ «ኧረ በቃሽ፣ ልታፈነጂኝ ነው» እያለች ተንፈራፈረች። እኔ ቀልድ አዋቂ ነኝ ብዬ የምኖር ሰው፣ እንደዚህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

ከዚያ ከደረጃው በኩል ሳል ተሰማ።

ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። የሚደንቀው እሱ ነው፤ እየቀነሰ አልሄደም፣ እንደ ክር በመቀስ ተበጠሰ። መኪናው ቶሎ ቶሎ መስፋት ጀመረ። የአንድ ክፍል በር በቀስታ ተዘጋ። የውጪው በር ተከፈተና የእኔ ድምፅ ገባ፦ «እህሳ፣ ይህ ፋብሪካ ዛሬም ኪሳራ ነው የሚያመርተው?» ይህቺን ቃል አስታውሳታለሁ፤ ደረጃውን ስወጣ ያሰብኋትና የወደድኋት ናት። ማንም አልመለሰ። ፍሪጁ ብቻ ማንጎራጎሩን ቀጠለ።

ማዳመጫውን አወለቅሁ። ጆሮዬ ይነድ ነበር።

«ያን ቀን ደክሟቸው ይሆናል» አልሁ።

አማቼ ከግድግዳው ፊቱን ሳይመልስ፣ «የብዙ ቀን አለኝ ጋሼ» አለ። «መርጬ ነው። የለዘበው ይሄ ነው።»

ርእሱንም ጠየቅሁት። «ጋሼ ሲገባ» ነው አለኝ፤ ከሠራው ሁሉ የሚበልጠው እሱ እንደሆነ፣ ያለ እሱ አልበሙ ጣሪያ እንደሌለው ቤት እንደሚሆንም ነገረኝ።

«ታዲያ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«አፈርሁ።»

«በእኔ?»

«ለእርስዎ ነዋ። ክፍሏን ለሌላ ትስጥ ግድ የለም። እርስዎ ሰው ፊት ከሚያፍሩ አልበሙ ይቅር።»

ይህን ሰው ነው እንግዲህ በዚህ ዓምድ የቤተሰቤ ውርደት እያልሁ ሳስቃችሁ የኖርሁት። ጎረቤት ፊት አሳፈረኝ ብዬ ስከሰው፣ እሱ ደግሞ ለእኔ ማፈሩን በማዳመጫው ውስጥ ደብቆ፣ ዕድሉ ሲያመልጠው ዝም ብሎ ይመለከታል። ማረሻ ሲስል የሚከርም ያልሁት እኮ፣ ስለቱ እንዳይነካኝ ነበር እጁን የያዘው።

ፈቅጃለሁ አልሁት። መቅጃውን እስኪያበራ ጠብቄ ሁለተኛ አልሁት። ሁለተኛውን ስናገር ክቡርነታቸው መቅጃውን ይዘው ቀና አሉ፤ «ይቅርታ ጋሼ፣ ፍሪጁ ተነሥቶ ድምፅዎን ሸፈነብኝ። አንዴ ይድገሙልኝ።» ደገምሁለት። ይህ ሰው ወደ መቃብሬም ማይክ ይዞ እንደሚመጣ አልጠራጠርም፤ ባይመጣ ደግሞ ቅር ይለኛል።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ የሐሙሱን በር እንደ እኔ እየተሳቀቅህ ሳይሆን ደረትህን ነፍተህ ግባ፤ መግቢያው ነጻ ነው። አግዳሚው ላይ ተቀመጥና ስማ። በአለቃዬ ሶፋ ሳቅ፣ በእኔም ሳል ሳቅ፣ አልቀየምህም። የመጨረሻው ላይ ስትደርስና ፍሪጁ ብቻ ሲቀር ግን፣ አልቋል ብለህ ማዳመጫውን አታውልቅ። ምናልባት ከጀርባ፣ ከስፌት መኪናው በኩል፣ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ስቆ ይሆናል፤ እኔ ደጋግሜ ሰምቼ አላገኘሁትም፣ ጆሮዬ ግን የታመነ አይደለም። አንተ ከሰማህ፣ እባክህ…