ባለሙያ ያደነቀው ጌም

ጌም የምትመርጡት የባለሙያ ግምገማ አንብባችሁ ነው? እንግዲያው ደባርቅ ላይ አንድ ወንድም አላችሁ፤ እኔ። በመምህርነት ተመድቤ ስመጣ ሰው ስለማላውቅ፣ ብርዱንም የሰው ትንፋሽ ያስረሳኛል ብዬ ጌም ቤት መሄድ ጀመርኩ። እዚያ ሁሉም የሚጫወተው ኳስ ነው፤ የተሸነፈ ይነሳል፣ ተረኛው ይቀመጣል። እኔ ግን የተማርኩ ሰው አይደለሁም እንዴ? ሳምንት ሙሉ ግምገማ ሳነብ ከርሜ፣ ባለሙያዎቹ ያደነቁትን ጌም ከጎንደር አስመጣሁ።

የጌም ቤቱ ባለቤት ዲስኩን አገላብጦ አየና፣ «መምህር፣ ይሄ ለስንት ሰው ነው?» አለኝ።

«ለአንድ።»

«ታዲያ ከማን ጋር ሊጫወቱ ነው?»

ይህን ጥያቄ ገምጋሚዎቹ አላነሱትም። ባለቤቱ ጥግ ላይ ያለውን ቴሌቪዥን ለቀቀልኝ። እውነት ለመናገር ጌሙ ግሩም ነው፤ ባለሙያዎቹ አልዋሹም። ከጀርባዬ ኳስ የሚጫወቱት ይጯጯሃሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይቀመጣል። እኔን ግን ይኸው ወር ሙሉ፣ «መምህር፣ ተሸንፈዋል፤ ይነሱ!» ያለኝ ሰው የለም።